ሞሊየር መድረክ ላይ አልሞተም

ያውቁ ኖሯል? የፈረንሳዊው የኮሜዲ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት የሞሊየር አባት የንጉሡን ወንበርና መጋረጃ የሚያሰናዳ ባለሙያ ነበር። ልጁ ግን የአባቱን ሹመት ትቶ በ1643 እ.ኤ.አ. የቲያትር ቡድን አቋቋመ፤ በ1645 በዕዳ ታሰረ። ከዚያ እስከ 1658 ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ሲዞር ኖረ።

«መድረክ ላይ ሞተ» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የካቲት 17 ቀን 1673 እ.ኤ.አ. ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታመምኩ የሚል ሰው ሆኖ ሲተውን (እሱ ራሱ የምሩን ታሞ!) ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንደምንም ትርኢቱን ጨርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ያረፈው። በትርኢቱ ላይ የተቀመጠበት ወንበር ዛሬም ፓሪስ፣ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቲያትር ቤት አለ። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ሙያውን በይፋ ያልካደ ተዋናይን በወግ አትቀብርም ነበርና፣ ሚስቱ ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ደጅ ጠንታ ነው በሌሊት እንዲቀበር የተፈቀደላት።