ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡር የት ትውለድ?

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላሉ እናቶቻችን ሆዷ የገፋ ሴት ሲያዩ። ምርቃቱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ በሰላም ለመገላገል ከምርቃቱ ጋር አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በተለይም ነፍሰ ጡሯ ከቤት ውጭ በሥራ ላይ የምትውል ከሆነች ይህ ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም።

አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ እናስብ። ከገጠር መጥታ ከባለቤቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰፋ ያለ ጋውን ስለምትለብስ የመስመር ኃላፊዋ ገና አላወቀም። ጤና ጣቢያ የሄደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አጠገቧ የምትሠራው ጠና ያለች ባልደረባዋ ነገሩ ገብቷት፣ «አንቺ ልጅ፣ ክትትልሽን ለምን ተውሽው?» ብትላት፣ «እትዬ፣ ፈቃድ ስጠይቅ ይታወቅብኛል፤ ከታወቀ ደግሞ ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው» ስትል ትመልሳለች። «የትስ ልትወልጂ አስበሻል?» ስትባል፣ «እሱን ጊዜው ሲደርስ አየዋለሁ» ትላለች።

እንዲህ ያለችው እህት በፋብሪካ ብቻ የምትገኝ አይደለችም። በሱቅ፣ በሆቴል፣ በአበባ እርሻና በቢሮም አለች። የመውለጃው ቦታ የሚመረጠው ምጥ በመጣበት ሌሊት ይመስላታል። በእውነቱ ግን ምርጫው የሚጀመረው ከወራት በፊት፣ ለክትትል ፈቃድ በጠየቀችበት ወይም ሳትጠይቅ በቀረችበት ቀን ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጤነኛ ነፍሰ ጡር መሥራቷ በራሱ ጉዳት የለውም። ይሁንና ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልና የሌሊት ፈረቃ ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የመወለዱን አደጋ በመጠኑም ቢሆን ከፍ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ጥናቶች ያሳያሉ። ከዚህም ሌላ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሲጀምር ሕመም ስለማይሰማ፣ ካልተለካ በቀር አይታወቅም። የደም ማነስም የድካም ያህል ብቻ ስለሚሰማ፣ «ሥራው ነው ያደከመኝ» ተብሎ ይታለፋል። ሾተላይ የምንለውም የሚታወቀው የእናቲቱ የደም ዓይነት ሲመረመር ነው። ደሟ ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ ለሚቀጥለው ልጅ መዳኛ ነው። ይህን ሳታውቅ ቤቷ የወለደች እናት መርፌው ሳይደርሳት ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ጤና ጣቢያ ይበቃል ወይስ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በክትትሉ ነው። የደም ግፊት ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ልጁ የተጋደመባት እናት ሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል። እርግዝናዋ ደህና የሆነላት ደግሞ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ በሠለጠነች አዋላጅ ነርስ እጅ ብትገላገል ይበጃታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ማዋለዱም በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከወር ደመወዝ ላይ ለዚህ የሚቀነስ ገንዘብ አይኖርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን መክሯል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት እናቶች ከመቶ 43 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት ከመቶ 48 ያህሉ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የተከናወኑት ወሊዶች ከመቶ 26 ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ እርምጃው የሚያስደስት ነው። ቀሪው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።

ታዲያ ሠራተኛዋ እናት መብቷን ታውቅ ዘንድ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ደመወዟ ሳይቆረጥ ፈቃድ እንድታገኝ ያዛል፤ ከእርሷ የሚፈለገው መታየቷን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሌሊት ሥራና በትርፍ ሰዓት አትመደብም። ሥራው ለእርሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። በማርገዟ ወይም በመውለዷ ምክንያትም ከሥራ ልትሰናበት አትችልም። አርግዣለሁ ብላ ለአሠሪዋ ያላሳወቀች ሠራተኛ ግን በእነዚህ መብቶች ልትጠቀም እንዴት ይቻላታል? መደበቁ የሚጠብቃት እየመሰላት ከለላዋን ያሳጣታል።

ሌላም በብዙ እናቶች ዘንድ የሚታይ ስሕተት አለ። «ከልጄ ጋር የምቆይበት ቀን ይጨምርልኛል» በማለት እስከ ምጧ ቀን ድረስ የምትሠራ ጥቂት አይደለችም። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድህረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ሳትጠቀምበት የቀረችው የቅድመ ወሊድ ፈቃድ በ90ው ቀን ላይ እንዲደመርላት ግን አዋጁ አይደነግግም። በ30ው ቀን ውስጥ ካልወለደችም እስከምትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል። ስለዚህ ምጡ በመስፊያ መኪናው ላይ ወይም በሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ እንዲይዛት መጠበቅ ትርፍ የለውም።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መውለድ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። ገንፎው፣ የእናት እጅና የጎረቤቱ እልልታ በከተማ የኪራይ ቤት በቀላሉ አይገኙም። ወደ እናቷ ለመሄድ ያሰበች እህት ጉዞዋን ፈቃዷ እንደ ጀመረ፣ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ታድርግ፤ የክትትል ካርዷንም ይዛ ትሂድ። እናቷ ቤት እንደ ደረሰችም በዚያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። አራስነቱ በእናት ቤት፣ መገላገሉ ግን በጤና ጣቢያ ቢሆን ልማዱም ጤናውም አይጎዱም።

ለምጡ ሌሊት መኪና ከማን እንደሚገኝ፣ ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ የልጁ ልብስና መጠነኛ ገንዘብ የት እንደተቀመጡ አስቀድሞ ይወሰን። ደም ከታያት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከያዛት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ከተሰማት፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ፈረቃው እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ወደ ሕክምና መሄድ አለባት።

ባልም ቢሆን በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። አዋጁ ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅድለታል። ቀኑ ጥቂት ቢሆንም፣ አስቀድሞ በቀጠሮዋ ቀን አብሯት የሄደ ባል በምጡ ቀን ግራ አይጋባም።

በመጨረሻ፣ ይህን ጽሑፍ የምናነብ ሠራተኛ እናቶች ወደ ቤታችንም ዘወር ብለን እንመልከት። እኛ ሥራ ስንውል ልጆቻችንን የምትጠብቅልን፣ እንጀራ የምትጋግርልን እህት ብታረግዝስ? በሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፈንም፤ ለብቻው በደንብ እንዲወሰን የተተወ ነው። ስለሆነም የእርሷ የቀጠሮ ቀን በእኛ በጎ ፈቃድ ላይ የወደቀ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ለራሳችን የምንጠይቀውን ያህል ለእርሷ ልንነፍጋት አይገባም። ነገ ጧት ቀጠሮ እንዳላት ጠይቀን፣ ካላትም ልጁን ለዚያ ግማሽ ቀን የሚይዝ ሰው ፈልገን፣ «ሂጂ፣ ታይተሽ ነይ» እንበላት።