አሮጌ ሞተር ሳይክል ለቦሎ ሲዘጋጅ

የቦሎ ወር ሲደርስ ብዙው ባለ ሞተር ሳይክል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እጥበት ነው። ማጠቡ አይከፋም፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው ጭቃው ሲለቅ ነውና። እኔ ግን የአጎቴን አሮጌ ያማሃ ዲቲ ሳዘጋጅ ቀድሜ የማየው የኋላ ፍሬኑን ነው። አጎቴ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ይወርድበታል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ባለቤቱ ማስተካከያውን ያጠብቅና «ይኸው ያዘ!» ይላል። ሸራው ግን አልወፈረም። ፍሬኑን አስረግጣችሁ ከከበሮው ውጭ ያለችውን ክንድ ተመልከቱ። ከመጎተቻው ዘንግ ጋር ወደ 90 ዲግሪ ከሠራች ጉልበቷ ሙሉ ነው፤ ከዚያ ካለፈች የእግራችሁ ኃይል በከንቱ ይባክናል። አንዳንድ መካኒክ ክንዷን ነቅሎ አንድ ጥርስ አዙሮ ይገጥማታል። ይህ የምርመራውን ቀን ያሳልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ሸራው ካለቀ ውስጥ ያለው ካም ተገልብጦ ጎማውን ድርቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ያውም ቁልቁለት ላይ። ያለቀ ሸራ መቀየር ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

የቀረው ቀላል ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ሹካውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ራጂዎቹን በመፍቻ መታ መታ አድርጉ፤ የላላው እንደ ሌሎቹ አይጮኽም። ፍሬቻው ከደበዘዘ አምፖል ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውን ሽቦም ዝገቱን ጥረጉ። የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ፤ ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ጀምሮ ግዴታ ነው።