የማውቲክ ጓዳ

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ዳር ያለ የፍል ውኃ መዝናኛ ነው። እንግዳው በብዛት ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ማረፊያ ያለው ሰው የሚቸግረው የማክሰኞና የረቡዕ ክፍል ነው፤ እሱን ለመሙላት የቀድሞ እንግዶቹን መዝግቦ ግብዣ የሚልክ ሥርዓት ይፈልጋል።

ማውቲክ እንዲህ ካሉት ሥርዓቶች አንዱ ነው። የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ መረጃውን በማይኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ስክሪኑ ላይ የሚያምሩት ሪፖርቶች ሳሎኑ ናቸው፤ ጓዳው ግን ሰንጠረዦቹ ናቸው። እዚያ የሚያስገባው እንደ ዲቢቨር ያለ የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በነጻ ይገኛል። (ሁሉም አገልግሎት ይህን አይፈቅድም። ለምሳሌ ሴልስፎርስ ማርኬቲንግ ክላውድ ዳታቤዙን በቀጥታ አይከፍትም፤ መረጃውን የሚሰጠው እንደ ኤፒአይ ባሉ መንገዶች ነው።)

ለማገናኘት የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርት (ብዙውን ጊዜ 3306)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይበቃል። ፖርቱን ለዓለም ሁሉ ከፍቶ መተው ግን ሞኝነት ነው፤ ዲቢቨር ራሱ ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ መንገድ ተሸሽጎ መግባት ይችላል።

ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የሚፈለገው «ሊድስ» የተባለው ሰንጠረዥ ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል። ድረ ገጹን አይቶ ብቻ የሄደ፣ ስሙ የማይታወቅ ጎብኚም እዚያው ይመዘገባል፤ ስለዚህ ረድፉን ቆጥሮ «ይህን ያህል ደንበኛ አለን» ማለት ራስን መሸንገል ነው። ማንነታቸው የታወቀውን ለመለየት «ዴት አይደንቲፋይድ» የሚለው ዓምድ ባዶ ያልሆነባቸውን መርጦ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። «መልእክት አትላኩልኝ» ያሉ ሰዎች ለብቻቸው «ሊድ ዶኖትኮንታክት» በሚባል ሰንጠረዥ ይቀመጣሉ። የስልክ ዝርዝሩን ከሊድስ ብቻ ገልብጦ ለሌላ ላኪ የሰጠ ሠራተኛ እምቢ ላሉትም ይልካል። ማውቲክ ራሱ ቢልክ ኖሮ ይዘላቸው ነበር።

በሰንጠረዦቹ የሚመዘገበው ሰዓትም ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ዓርብ ማታ አልፎ፣ እኩለ ሌሊት ከተሻገረ ብዙም ሳይቆይ ቅጽ የሞላ እንግዳ በሰንጠረዡ የዓርብ ሆኖ ይገኛል። ስልክም በ09 እና በ+2519 ከተጻፈ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»ም እንዲሁ።

እነዚህን ሁሉ አይቶ እዚያው በእጅ ማረም ያምራል። አይሞከር። ማውቲክ አንድን እንግዳ ሲያስተካክል ብዙ ሰንጠረዦችን አብሮ ይነካል፤ ከውጭ የገባ እጅ ግን አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ያዛባል። እርማቱ በማውቲክ ገጽ ላይ ይሠራ።

ስምና ስልክ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ መረጃ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎን ማንበብ ብቻ የሚፈቀድለት መለያ እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ፤ የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከሰጠዎ አይቀበሉት።