ድስት የሚሻው ሥጋ

በሥጋ ቤት የሚሰቀለው በሬ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ብልቱ ይለያያል። ሽንጥ፣ ዳቢትና ጭቅና ለቁርጥና ለጥብስ ስለሚፈለጉ ቀድመው ያልቃሉ። ወርች፣ አንገት፣ ጅራት፣ ቅልጥምና አጥንት ያለበት ፍሪምባ ደግሞ «ለቅቅል ነው»፣ «ለወጥ ነው» እየተባሉ በረከሰ ዋጋ ይሄዳሉ። ገዢ ከዚህ ተነሥቶ ውዱ የተሻለ፣ ርካሹ ያነሰ ሥጋ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። የሥጋ ቤት ዋጋ ከምንም በላይ የሚከተለው ሥጋው ከቢላዋ ተነሥቶ አፍ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ያለ እሳት ወይም በጥቂት ደቂቃ እሳት የሚበላው ይወደዳል፤ ሦስት ሰዓት ድስት ውስጥ መክረም ያለበት ይረክሳል። ጣዕምና ገንቢነት በዚህ ሚዛን ላይ ብዙም አይቆጠሩም። እንግዲህ ወጥ ወይም ቅቅል ለመሥራት ያሰበ ሰው ኪሱ ባይሳሳም መምረጥ ያለበት ርካሹን ብልት ነው፤ ለሥራው የሚስማማው እሱ ነውና።

ምክንያቱ ከብቱ በሕይወት ሳለ እያንዳንዱ ጡንቻ ከሠራው ሥራ ይጀምራል። ጭቅና በጀርባ አጥንት ሥር ተጋድሞ የሚኖር፣ ከብቱ ሲራመድም ሲያርስም እምብዛም የማይደክም ጡንቻ ነው። ከበሬው ሥጋ ውስጥ ድርሻው 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ውድነቱ ላይ ጥቂትነቱም ይጨመራል። ወርችና አንገት ግን ቀኑን ሙሉ ክብደት ሲሸከሙና ሲስቡ ይውላሉ። እንዲህ የሚለፋ ጡንቻ ክሮቹን አስሮ የሚይዝ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን በብዛት አለው። ከብቱ ባረጀ ቁጥር የኮላጅኑ ክሮች እርስ በርስ ይበልጥ ስለሚተሳሰሩ ሥጋው በቀላሉ አይበገርም። ይህ ለደጋው አገራችን ተራ ዝርዝር አይደለም፤ ለእርድ የሚቀርበው በሬ ብዙ ጊዜ ዓመታት ሲያርስ ኖሮ በስተመጨረሻ የደለበ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ የሠራ ጡንቻ የጠነከረ የሥጋ ጣዕም አለው፤ ልስላሴን ከጣዕም ለይቶ ለሚያጣጥም ሰው ጭቅና ለስላሳ ግን ለዘብ ያለ፣ ወርች ጠንካራ ግን ጣዕሙ የጎላ ነው።

ይህን ጥንካሬ የሚፈታው እሳትና ጊዜ ነው። ሥጋ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ክሮቹ እየተኮማተሩ ውኃቸውን ይለቃሉ። ለዚህ ነው ወርችን እንደ ጥብስ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ያወረደ ሰው የሚያኝከው ጎማ የሚሆንበት፤ ክሩ ደርቋል፣ ኮላጅኑ ግን ገና አልተነካም። ያው ሥጋ እርጥበት ባለበት ድስት ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ኮላጅኑ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲኑ የተለያዩትን ክሮች ይለብሳቸዋል፣ መረቁን ያወፍረዋል፣ የደረቀውን ሥጋ እንደገና ያረጥበዋል። የአጥንት ቅቅል ሲያድር ረግቶ የሚገኘው በዚሁ የተነሣ ነው። ጭቅና ግን ሁለት ሰዓት ወጥ ውስጥ ቢቆይ ውኃውን ይለቃል፣ በምትኩ የሚያረጥበው ጄላቲን ግን የለውም፤ ከርካሹ ሥጋ የባሰ ደርቆ ይወጣል። ለቀይ ወጥ ውድ ሥጋ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የከፋ ወጥ ይሠራል ማለት ነው።

የአገራችን ማዕድ ቤት ይህን ከሳይንሱ ቃላት በፊት ያውቀዋል። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ሥጋው በለዘብተኛ እሳት ቀስ እያለ የሚበስልበት የወጥ ስልት ለጠንካራ ብልት እንደ ልክ የተሰፋ ነው። ቅርጫ ደግሞ ዕውቀቱን በየቤቱ ያኖረ ሥርዓት ነው። ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለእንቁጣጣሽ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ከታረደ በኋላ ከእያንዳንዱ ብልት ለየመደቡ እየተቆረጠ በዕጣ ይከፋፈላል። አንድ መደብ የደረሰው ቤት ከሽንጡም ከአንገቱም፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም ይደርሰዋል። የወደደውን ብቻ መርጦ መውሰድ ስለማይችል ሁሉንም ማብሰል ማወቅ ግዴታው ነው። ምላስ ሰንበር፣ ዱለት፣ የአጥንት ቅቅል፣ ቋንጣ የሚባሉት ምግቦች የዚህ ሙሉውን ከብት የመጠቀም ልማድ ልጆች ናቸው። ሥጋ በኪሎ፣ ያውም በብልት ተመርጦ መግዛት የተለመደው ከተማ ሲሰፋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለጥሬና ለጥብስ የሚሆነው ብልት ክብር አገኘ፣ ሌላው ወደ ኋላ ቀረ።

ብልቱን ከምግቡ ጋር ማገናኘት ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ወርችና አንገት በደንብ ከተቁላላ ሽንኩርት ጋር ለቀይ ወጥ ይሆናሉ። ቅልጥም፣ ጅራትና ፍሪምባ ለቅቅል ይመረጣሉ፤ በጅራት ውስጥ አጥንት፣ ጅማትና ስብ አብረው ስላሉ መረቁ ከሁሉ ይወፍራል። ምላስ በሚገባ ተቀቅሎ ሳይቀዘቅዝ ቆዳው ሲላጥ ሥጋው ለስላሳ ነው። ልብ ኮላጅን የበዛበት ሳይሆን ክሩ የጠበቀ ጡንቻ ስለሆነ በቀጭኑ ከተቆረጠ ለፈጣን ጥብስም ይመቻል። ብዙ ሰዓት ለሌለው ሰው ደግሞ ቢላዋ የእሳትን ሥራ በከፊል ይሠራለታል፤ ሥጋውን ክሩን አቋርጦ በቀጭኑ መቁረጥ ወይም አድቅቆ ምንቸት አብሽ መሥራት ረጃጅሙን ክር አሳጥሮ ማኘኩን ያቀላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ በሥጋ የተረፈው ገንዘብ በከሰልና በኤሌክትሪክ ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ አንገትና ወርች ቆላ ካለ ድስት ይልቅ እዚህ ረዘም ያለ ሰዓት ይፈጃሉ። እሳቱን ማንደድም አያፋጥንም፤ ውኃው ከሚፈላበት ሙቀት በላይ አይወጣምና የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ተቃውሞው ግን የሚመታው አንድ ኪሎ ሥጋ በየቀኑ የሚያበስለውን ሰው ነው። ሦስት ኪሎ ሥጋ በአንድ ድስት ለማብሰል የሚያስፈልገው እሳት አንድ ኪሎ ከሚፈጀው ሦስት እጥፍ አይሆንም። ለሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚቀቅል ቤት መረቁንም ሥጋውንም ለብዙ ማዕድ ያካፍላል። እንፋሎት አፍኖ በግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ደግሞ የከፍታውን ችግር ከነጭራሹ ያልፈዋል፤ በውስጡ ያለው ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ የሦስት ሰዓቱ ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ለሥራ ውጭ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ግን የጥብስ ሥጋ መግዛት ሞኝነት አይደለም፤ የከፈለው ለጊዜው እንደሆነ ይወቅ እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጤና ነው። ለረጅም ሰዓት በሚበስል ጡንቻ ረገድ ሚዛኑ ወደ ርካሹ ያደላል፤ በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈው የኮሶ ትል እጭ ሥጋው እስከ ውስጡ በሚገባ ሲበስል ስለሚሞት ቅቅል ከቁርጥ ይልቅ የሚያሰጋው ያንሳል። የሆድ ዕቃ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ቄራዎች በምርመራ ከሚጣሉ የአካል ክፍሎች በብዛት የሚጠቀሰው ጉበት ነው፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው የጉበት ትል ነው። ስለዚህ ጉበትንና ጨጓራን በሐኪም ከተመረመረ እርድ መግዛት፣ አጥርቶ ማጠብ፣ ዱለትንም ለብ ለብ ከማድረግ ይልቅ አብስሎ መብላት ይገባል። ጉበት ብረት፣ ቫይታሚን ኤና ቢ12 በብዛት ይሰጣል፤ ሆኖም የቫይታሚን ኤው ብዛት ለነፍሰ ጡር ሴት ጥሩ አይደለም፣ ሪህ ላለበት ሰውም የሆድ ዕቃ ማብዛት አይመከርም። እነዚህ መጠንን የሚወስኑ ምክንያቶች ናቸው እንጂ ብልቱን ከገበያ የሚያስወጡ አይደሉም።

ሦስተኛው፣ ሁሉም ሰው ርካሹን ከፈለገ ርካሽነቱ ያበቃል የሚለው ነው። እውነትም ሆኖ ታይቷል። በአሜሪካ ቴክሳስ ለከብት ጠባቂዎች ከደመወዛቸው ጋር ይሰጣቸው የነበረው ከሆድ አካባቢ የሚወጣው ቀጭን ሥጋ ፋሂታ የሚባለው ምግብ ሲስፋፋ ተወደደ፤ የበሬ ጅራትም በዚያው አገር የድሃ ምግብ ከመሆን አልፎ ዋጋው ንሯል። ሥጋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማብሰል የሚያውቀው ሰው ብዛት ነው። ይህ ተቃውሞ እንግዲህ ክርክሩን አያፈርስም፤ ርካሽነቱ ከብልቱ ጉድለት የመጣ እንዳልነበረ ይመሰክርለታል። አንዱ ብልት ቢወደድም በሬው ብዙ ብልት አለው፤ ፈላጊ ለሁሉም ሲገኝ ደግሞ አራጁ ትርፉን ከሽንጥና ከጭቅና ብቻ እንዲያወጣ አይገደድም። ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው ታዲያ የትኛው ብልት ይሻላል ብሎ ከመጠየቁ በፊት ዛሬ ምን ይሠራል፣ ስንት ሰዓትስ አለው የሚለውን ይመልስ። መልሱ ድስትና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከሆነ ወርቹን ያስመዝን።