የጣውላ ወለል ጥር ላይ ለምን አፉን ይከፍታል?

የጣውላ ወለል ያለው ቤት የምታውቁ ከሆነ እስኪ አንድ ነገር አስተውሉ። ጥርና የካቲት ላይ በጣውላና በጣውላ መካከል ቀጭን ክፍተት ይታያል፤ ወረቀት ብትሰኩበት ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ያው ክፍተት የለም። ማን ደፈነው? ማንም! ጣውላው ራሱ ወፍሮ ዘጋው። በጋ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይከሳል። ዛፉ ከተቆረጠ ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም ለውጥ የለውም፤ እንጨት ከአየር ላይ ውኃ መጠጣቱንና መልሶ መትፋቱን አያቆምም።

ይህን ያልተረዳ ሰው ከሁለት አንዱን ያጠፋል። ወይ አዲስ ጣውላ በደንብ ሳይደርቅ ያነጥፍና ገንዘቡን ይበላዋል፤ ወይ ደህናውን የድሮ ወለል «ተበላሽቷል» ብሎ ያስነቅልና ሴራሚክ ያስነጥፋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው። የተነቀለው ጣውላ ዝግባ ወይም ጥድ ከነበረ፣ ዛሬ በምትኩ ሌላ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እነዚህን ዛፎች ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል። ለማደግም ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ለመሆኑ ውኃው እንጨቱ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?

እንጨትን በማጉያ መነጽር ብታዩት ጎን ለጎን የታሰሩ በጣም ቀጫጭን ቱቦዎች ይመስላል። እርጥብ ግንድ ውስጥ ውኃ በሁለት ቦታ ይገኛል፦ አንደኛው በቱቦዎቹ ባዶ ሆድ ውስጥ፣ ሌላው በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ። ዛፉ ተቆርጦ መድረቅ ሲጀምር መጀመሪያ የሚወጣው የሆዱ ውኃ ነው። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም። ጉዳዩ የሚጀምረው የሆዱ ውኃ አልቆ የግድግዳው ውኃ መውጣት ሲጀምር ነው። ይህ ነጥብ በአብዛኞቹ ዛፎች የእርጥበት መጠኑ 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዷ የምትወጣ ውኃ እንጨቱን ታጠበዋለች፣ እያንዳንዷ የምትገባ ደግሞ ታሰፋዋለች።

ግድግዳው የተሠራው በዋናነት ከሴሉሎስ ነው። የሴሉሎስ ሞለኪውል ዙሪያውን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዙ ትንንሽ «እጆች» አሉት፤ የውኃ ሞለኪውልም በሃይድሮጅን ትስስር እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ብዙ ውኃ ይንጠለጠላል፣ ደረቅ ሲሆን ይለቃል። ሒሳቡን ለምትወዱ፦ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ እዚያ የቆየ እንጨት ከራሱ ደረቅ ክብደት 6 በመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን 12፣ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ 16 ገደማ ይደርሳል።

አሁን አንድ ጭብጥ ስንደዶ አስቡ። ውኃ በሰበዞቹ መካከል ቢገባ እስሩ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም አይደል? እንጨትም እንዲሁ ነው። የሴሉሎስ ክሮቹ በግንዱ ቁመት ስለተዘረጉ ውኃው በመካከላቸው ገብቶ ጎን ለጎን ይገፋቸዋል። ስለዚህ ጣውላ በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በስፋቱ ግን ጉድ ነው። ስፋቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የግንዱ የዕድገት ቀለበት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ያለው ለውጥ፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። አንድ ጣውላ ከግንዱ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የጣውላውን ጫፍ ተመልከቱ፤ ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ወለል ላይ ረጋ ያለ ይሆናል፣ ከተጋደሙ ግን እንቅስቃሴው ይበዛል።

ቁጥር እንስጠው። ቀለበቱ የተጋደመ አንድ መካከለኛ ዓይነት እንጨት፣ እርጥበቱ በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር ስፋቱ በ0.25 በመቶ ገደማ ይለወጣል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በበጋ 9 በመቶ፣ በክረምት 13 በመቶ እርጥበት ቢይዝ በ1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት? ግን ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ 40 ጣውላ ጎን ለጎን አለ። 40 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 4 ሳንቲ ሜትር! ይህ ሁሉ ስፋት መሄጃ ካጣ ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ ድንኳን ብድግ ይላል፤ ግድግዳ እስከ መግፋትም ይደርሳል።

ጥሩ አናጢ በወለሉ ዙሪያ፣ ከግድግዳው ሥር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ዞኮሎ ጌጥ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ሥራው ይህ ነው፤ ግን ሚስማሩ ግድግዳው ላይ እንጂ ጣውላው ላይ መመታት የለበትም። ክፍተቱን በሲሚንቶ የሚደፍን ሠራተኛ ካያችሁ ግን አስቁሙት።

የቀረው ሥራ ጣውላው ሲነጠፍ የሚኖረውን እርጥበት መምረጥ ነው። በደረቅ ወር በጣም ደርቆ፣ ተጠጋግቶ የተነጠፈ ወለል ክረምት ላይ ይጨናነቃል፤ በዝናብ ወር እርጥብ ሆኖ የተነጠፈ ደግሞ በጋ ላይ ይላቀቃል። የሚፈለገው መሐሉ ነው፤ ቤቱ በዓመት ውስጥ በሚያየው ከፍተኛና ዝቅተኛ እርጥበት መካከል ያለው ቁጥር። «ጣውላውን ለሁለት ሳምንት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው» የሚባለው ምክር መጥፎ አይደለም፣ ግን ቀን መቁጠር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ለካ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ሚዛን አለ፤ ቁራጩን መዝናችሁ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ታደርቁታላችሁ። 500 ግራም የነበረው 400 ግራም ከሆነ፣ የወጣው 100 ግራም ለ400 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ይህ እንጨት ለወለል ገና ጥሬ ነው። (ምድጃውን ለቤተ ሙከራ ተዉት። ቤት ውስጥ አንድ ቁራጭ ጣውላ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘናችሁ ከመስከረም እስከ መስከረም መዝግቡ፤ የወቅቶቹን መለዋወጥ በግራም ታዩታላችሁ።)

ሌላው የውኃ ምንጭ ከታች ነው። ጣውላው ወይም ፓርኬው የሚነጠፈው ብዙ ጊዜ በኮንክሪት ወይም በሊሾ ላይ ነው፤ አዲስ ኮንክሪት ደግሞ ላዩ ቢደርቅም ሆዱ ውኃ ነው። ግንበኞች በግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ይሰጡታል። ቀላል መሞከሪያ አለ፦ አንድ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ዘርግታችሁ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉት፤ በማግሥቱ ከሥሩ ጤዛ ካያችሁ ገና ነው። ጤዛ አለመታየቱ ብቻውን ግን ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም።

ከታች ውኃ እያገኘ ያለ ወለል በምን ይታወቃል? የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ብድግ፣ መሐሉ ጎድጎድ ይላል። የሥረኛው ፊት ጠጥቶ ሰፍቷል፣ የላዩ ግን አልሰፋም፤ ስለዚህ ጣውላው ወደ ላይ ይቆለመማል። ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ማሽን ጠርቶ ጠርዙን ያስልጋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው! ውኃው የሚመጣበት ተዘግቶ ጣውላው ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጠርዙ ግን ተልጎ አልቋል። ያኔ መሐሉ እንደ ጉብታ ይቀራል። መጀመሪያ ቧንቧውን መጠገን፣ ከዚያ ወራት መታገሥ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ መላግ። ብዙ ጊዜ መላጉ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ልግ ደግሞ በነፃ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ማሽን ሲታሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከጣውላው ምላስ በላይ ያለው ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወለሉ የሚታሽበት ጊዜ የተቆጠረ ነው።

ውኃና ወለል ከጥንትም ተጣልተው ነው የኖሩት። በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የእምነ በረድ ወለሎች ሲታጠቡ ውኃው ሰርጎ ከሥር ያሉትን የእንጨት ተሸካሚዎች ያበሰብስ ነበር። በ1684 እ.ኤ.አ. እምነ በረዱ በፓርኬ መተካት ጀመረ፤ ከትንንሽ ቁርጥራጮች ተጋጥሞ የሚሠራ ካሬ ፓርኬ ነው። ቁርጥራጩ ትንሽ ሲሆን የእያንዳንዱ እንቅስቃሴም ትንሽ ነው፤ ለዚያውም አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ስለሚዘረጋ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይገፋም።

ወደ ቅቡ እንምጣ። ቫርኒሽ ሲቀባ «በቃ፣ ውኃ አይገባውም» ይባላል። ቫርኒሽ የፈሰሰ ውኃን ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል፤ የአየር እርጥበትን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ዘይት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጠጣር ይሆናሉ። ይህ ሂደት ሙቀት ያወጣል። ወለል ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ ሙቀቱ ይበተናል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ሲጣል ግን ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ከሰዓታት በኋላ ጨርቁ ራሱ ሊነድ ይችላል። ቀልድ አይደለም፣ ሙሉ ቤት ያቃጥላል። ጨርቁን ውጪ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ መዝፈቅ ነው።

ለዕለት እንክብካቤ የሚባለው ጥቂት ነው። ባልዲ ሙሉ ውኃ መድፋት ይቅር፤ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ከውኃ ቀጥሎ ያለው ጠላት አሸዋ ነው። ከመንገድ በጫማ የሚገባው አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፣ ኳርትዝ ደግሞ ከቫርኒሹም ከእንጨቱም ይጠነክራል፤ ስትራመዱ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጋችሁ ነው። በር ላይ የጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ ያኖረ ሰው ከውድ ቫርኒሽ የበለጠ ይጠቀማል። ሰም ያሳምራል፣ ግን ከዓመታት በኋላ ቫርኒሽ ልቀባ ብትሉ ሰሙ ከእንጨቱ ካልተነሣ አይይዝላችሁም።

ጥር ላይ የምትታየዋን ክፍተት በተመለከተ ደግሞ ስቱኮ ይዛችሁ አትሩጡ። በበጋ የደፈናችሁት ክረምት ላይ ጣውላው ሲሰፋ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ወይም ጠርዙን ይሰብረዋል። እስከ ሰኔ ጠብቁና እዩት፤ ያኔም ያልተዘጋ ካለ፣ ስለ እሱ አናጢ ማማከር ይቻላል።