የካርቱም በርና የሰሜኑ ግንባሮች

ታላላቅ መንግሥታት በባዕድ ምድር የሚዋጉ ድርጅቶችን በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ በ1970ዎቹ የነበረችውን ካርቱምን ቢመለከት ይበቃዋል።

እንደሚታወቀው ጄኔራል ጃፋር ኒሜሪ በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ከተቃጣባቸው የኮሙኒስቶች መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከሞስኮ እየራቁ ሄዱ። በግንቦት 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶቪየት ወታደራዊ አማካሪዎችን ከአገራቸው አስወጡ። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ፣ ደርግ በአሥመራ የሚገኘውን የቃኘው ጣቢያ ጨምሮ የአሜሪካ ተቋማት እንዲዘጉ አዝዞ ነበር። ስለዚህም የሁለቱ ጎረቤቶች አሰላለፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተገላበጠ። ካርቱም ለኤርትራና ለትግራይ ግንባሮች በሯን ከፍታ ስትይዝ፣ አዲስ አበባም ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የጆን ጋራንግን ጦር በማስጠለል ብድሯን መለሰች።

ታዲያ የኒሜሪ ወዳጅ የሆነችው ዋሽንግተን የእንግዶቻቸውም ወዳጅ ሆነች ማለት ነውን? አልሆነችም። የኢትዮጵያን የግዛት አንድነት እንደምታከብር መግለጿን አላቋረጠችም፤ የግንባሮቹንም ማርክሳዊ ርዕዮት በጥርጣሬ ትመለከት ነበር። ዕውቅና ነፈገቻቸው፤ የሰጠችው እህል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የአሜሪካ እህል በአንድ ወገን በመንግሥቱ ወደቦች ሲገባ፣ በሌላ ወገን መቀመጫውን ካርቱም ባደረገው የአብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ኅብረት አማካይነት፣ የአየር ድብደባ በመፍራት ሌሊት በሚጓዙ የጭነት መኪናዎች ድንበር ይሻገር ነበር። ይህን አናቃልልም፤ የተራበ ገበሬ የስንዴውን ፖለቲካ አይጠይቅም።

ነገር ግን የኩርዶችን ዕጣ ማስታወስ ግድ ይለናል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1964 ዓ.ም. በኢራኑ ሻህ በኩል ለሙስጠፋ ባርዛኒ ተዋጊዎች በምሥጢር መሣሪያና ገንዘብ እንዲደርስ ፈቀዱ። የካቲት 27 ቀን 1967 ዓ.ም. ሻህና ሳዳም ሑሴን በአልጀርስ ሲስማሙ ርዳታው ወዲያው ተቋረጠ፤ ዐመፁ ፈረሰ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ወደ ኢራን ተሰደደ። የሰሜኑ ግንባሮች ግን አብዛኛውን መሣሪያቸውን የማረኩት ከመንግሥቱ ጦር ነበር፤ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበት ላይ የሆነውን ወታደር አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። ዋሽንግተን ያልሰጠችውን መሣሪያ ልታቋርጥ አትችልም ነበር። ይህ ልዩነት በእኛ አስተያየት ከማናቸውም የዲፕሎማሲ ብልሃት ይልቅ የነገሩን ፍጻሜ ወስኗል።

ኒሜሪ ራሳቸው ከዋሽንግተን ጉብኝት ሳይመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. በጄኔራል ስዋር አል ዳሐብ ከሥልጣን ወረዱ። የካርቱም በር ግን ለግንባሮቹ አልተዘጋም። ግንቦት 19 እና 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የአሜሪካው ባለሥልጣን ኸርማን ኮኸን ለንደን ላይ ከመሪዎቻቸው ጋር ተቀመጡ፤ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ እንዲገባም ተስማሙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ለዐሥርተ ዓመታት ስለ ግዛት አንድነት የተናገረችው ዋሽንግተንም ውጤቱን ተቀበለች። የለንደኑ ጉባኤ ከመደረጉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኢራቃውያን በሳዳም ላይ እንዲነሡ የፕሬዚዳንት ቡሽን ጥሪ የሰሙት ኩርዶች በቱርክ ድንበር ተራሮች ላይ በብርድ ይረግፉ ነበር።