የቀለማት ወሰን፦ የት ይለስልስ? የት ይጠበቅ?

ለማስተማሪያ የሚሆነንን ሥዕልና ካርታ ዛሬ ብዙዎቻችን የምናዘጋጀው በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ነው። ቀብተን ስናበቃ ታዲያ ሁለት ቀለማት የሚገናኙበት ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይታየናል። ያን ጊዜ እጃችን ቶሎ ወደ ማለስለሻው ይሄዳል። ማለስለስ የሚያሳምረው ሥዕል እንዳለ ሁሉ የሚያበላሸውም አለ። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት ከሐይቅና ከአምባሰል ምሳሌ እየወሰድን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጠርዙ ለምን ጥርስ ያወጣል?

የዲጂታል ሥዕል ፒክሰል ከሚባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሠራ ነው። ነገሩ ከሞሰብ ስፌት ጋር ይመሳሰላል። ባለሙያዋ በሞሰቡ ላይ አግድም የሚወጣ ቀይ ጥለት ስትሰፋ፣ ጥለቱ ከቅርብ ሲያዩት ደረጃ በደረጃ ነው፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ግን ቀጥ ያለ ይመስላል። ፒክሰልም እንዲሁ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፤ ግማሹን ቀይ ግማሹን ነጭ ማድረግ አይቻልም። የቀለሙም መጠን በቁጥር ይጻፋል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይሰጣቸዋል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል።

ማለስለስ ማለት እንግዲህ በወሰኑ ላይ የሁለቱን ቀለማት ቅይጥ ማስገባት ነው። መንገዱ ሁለት ነው።

ሀ. በሚሣልበት ጊዜ። ጥቁሩ መስመር ነጩን ፒክሰል እኩሌታውን ከሸፈነው፣ ፒክሰሉ 128 ገደማ ግራጫ ይሰጠዋል። በስክሪን ላይ የምናነበው ፊደል ጠርዙ ለስላሳ የሚመስለው በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው።

ለ. ከተሣለ በኋላ። ይህ ማደብዘዝ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክሰል ከጎረቤቶቹ ጋር ይደመርና አማካዩ ይወሰዳል። ለምሳሌ 0፣ 0፣ 0፣ 255፣ 255፣ 255 የሚል ረድፍ ቢኖረንና ሦስት ሦስቱን ብናማክል፣ 0፣ 0፣ 85፣ 170፣ 255፣ 255 ይሆናል። ገደል የነበረው አቀበት ሆነ ማለት ነው። በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በጋውስ (1777–1855 እ.ኤ.አ.) ስም የሚጠራው ማደብዘዣም ሐሳቡ ይኸው ሆኖ፣ ለቅርብ ጎረቤት የበለጠ ክብደት ይሰጣል።

ጠርዝና መስመር አንድ አይደሉም

አሁን በነጭ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር እንውሰድ፦ 255፣ 255፣ 0፣ 255፣ 255። በዚያው ዘዴ ስናማክላት 255፣ 170፣ 170፣ 170፣ 255 ትሆናለች። ልብ እንበል! ጥቁሩ ጠፋ፤ በምትኩ ሦስት እጥፍ የሰፋ ፈዛዛ ግራጫ መጣ። ጠርዝን ያለሰለሰው መሣሪያ መስመርን አጠፋ። ፊደላችንም ከዚህ አያመልጥም፤ «ለ»ን «ሉ» የምታደርገው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ በደቃቁ ተጽፋ ከደበዘዘች ተማሪው በምን ይለያታል?

ይህ ነገር በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሆን ይበልጥ ያሳስባል። በገዳሙ በ1273 ዓ.ም. (1280/81 እ.ኤ.አ.) በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተዘጋጀ ሥዕል ያለበት ወንጌል አለ። ሥዕሎቹ የተሠሩት በዘመኑ ልማድ ነው፤ ቀለሙ ሳይደባለቅ ወጥ ሆኖ ይቀባል፣ ወሰኑንም ጠቆር ያለ መስመር ይይዘዋል። ቀለምን በቀለም ውስጥ እያቀለጡ ብርሃንና ጥላ ማሳየት በአገራችን ሥዕል ጎልቶ የመጣው ቆይቶ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል በቁጥር 1832 መዝግቦታል። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ደግሞ ድምቀታቸው እኩል የሆነ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ወሰን ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልብሱን ከልብስ፣ እጁን ከመጽሐፍ ለይቶ የሚያሳየን የጥንቱ ሠዓሊ መስመር ነው። እኛ ታዲያ ፎቶግራፉን «እናሳምር» ብለን ብናደበዝዘው ያንኑ መስመር መብላታችን ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እጩ መምህራት እኅቶቻችን ሥዕሉን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ የተበላሸ ቅጂ ለእነሱና ለተማሪዎቻቸው ብቸኛው መጽሐፍ ይሆናል።

በካርታ ላይስ?

ሐይቁን በሰማያዊ (0፣ 0፣ 255)፣ ዙሪያውን እርሻ በቢጫ (255፣ 255፣ 0) ቀብተን ወሰኑን ብናለሰልስ፣ የሁለቱ አማካይ 128፣ 128፣ 128 ነው፤ ማለትም ግራጫ። በካርታው መግለጫ ግራጫ ድንጋያማ መሬት ከሆነ፣ ልጁ ሐይቁ በድንጋይ የታጠረ ይመስለዋል። ማንም ያልቀባውን ቀለም ልጁ እንደ ዕውቀት ይዞት ይሄዳል።

በአንጻሩ የአምባሰልን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ስናሳይ ለስላሳ ሽግግር እውነትም ሊሆን ይችላል። በተለመደው አከፋፈል ደጋ ከ2300 ሜትር ይጀምራል፤ ነገር ግን ብርዱ በ2300ኛው ሜትር ላይ በድንገት አይመጣም። ለክፍፍሉ ከሆነ ወሰኑን እንጠብቅ፤ ለአየሩ ለውጥ ከሆነ እናለስልስ።

በሥራ ጊዜ የሚከተሉትን ብናስታውስ ይጠቅማል።

1. ዋናውን ፎቶግራፍ ሳንነካ በቅጂው ላይ እንሥራ፤ ያለሰለስነውንም «የተነካካ» ብለን እንጻፍበት።
2. ሥዕሉን በሙሉ ከማደብዘዝ የሚያስቸግረውን ጠርዝ ብቻ መርጠን እንሥራ።
3. ካርታ ስንቀባ ማለስለሻውን እናጥፋ፤ በጄፔግ ሳይሆን በፒኤንጂ እናስቀምጥ። ጄፔግ ራሱ በጠርዝ ላይ ቀለም ያዛባል።
4. በቀለም ባልዲ ስንሞላ በመስመሩ ዳር ነጭ ክር ከቀረ፣ ቅይጡ ፒክሰል ሳይሞላ ቀርቶ ነው። ቀለሙን ከመስመሩ በታች ባለ ሌላ ንብርብር ላይ ብናደርገው ክሩ ይጠፋል፤ መስመሩም አይነካም።

ማለስለሻውን ከመጫናችን በፊት እንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ወሰን የመሣሪያው ጉድለት ነው ወይስ ትምህርቱ ራሱ? ጉድለት ከሆነ ይለስልስ፤ ትምህርት ከሆነ ጥርሱም ቢያስጠላ ይቆይ።